አባባ ስለ ወይኑ ይጠይቃል

ሬይኖልድስበርግ፣ አሜሪካ፣ ፌብሩወሪ 7 ቀን 2021

ለእትዬ ሞሚና፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ልጃችን ኡሚ ደህና ናት፣ እኔም ያው አለሁ። «ምን እየበላችሁ ነው?» ላልሽኝ፣ ሰው በራችን ሥር እያስቀመጠ የሄደው ምግብ እስካሁን አላለቀም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት እጁን እያነሳልኝ ነው የተመለሰው። ወንድምሽን ሃቢብን ለመቅበር የተፈቀደላቸው ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ተራርቀው ነው የቆሙት። ይኸው ሃምሳ ቀን ሊሞላው ነው። ይህን ባለፈውም ጽፌልሽ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እጄ ሌላ ነገር መጻፍ እምቢ ይለኛል።

ስልክ ይቅርብን ያልሽው ልክ ነው። ድምፅሽን ብሰማ ማልቀሴ አይቀርም፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ አባባ ደግሞ ጆሯቸው ባይሰማ ፊት ማንበብ ያውቁበታል። ስለዚህ እንዲህ በወረቀት እየጻፍኩ፣ ፎቶ እያነሳሁ እልክልሻለሁ። አንብበሽ ከስልክሽ አጥፊው።

ለአባባ የሚሰጠውን ለብቻው አድርጌዋለሁ። እንደተስማማነው፣ ሃቢብ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ወድቆበት ቀኝ እጁን ተጎድቷል፣ እሱ እየነገረኝ የምጽፈው እኔ ነኝ ብያለሁ። «አባባ፣ ስለ እኔ አትስጋ» የምትለዋን መስመር ስጽፍ ብዕሩን ወርውሬው ነበር። ኋላ ከሶፋው ሥር ፈልጌ አወጣሁትና ጨረስኩት።

አሁን ደግሞ ወይኑ። «ሥሩን ከበረዶው በፊት አልብሶታል ወይ?» ብለዋል አልሽኝ። እኔ በምን አውቄ! ባለፈው ጸደይ ቤት ተዘግቶብን ሳለ ከስቶር በርካሽ አገኘሁት ብሎ ሲያመጣው ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ለጌጥ የሚተከል ወይን ነው፣ ቅጠሉ በመኸር ይቀላል፣ ፍሬም ይሰጣል የሚል ወረቀት ተንጠልጥሎበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ከአባባ ጋር በደብዳቤ እየተጨቃጨቀ ሲተክለው፣ ሽቦ ሲወጥርለት፣ እኔ በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር። አባትየው ሠላሳ ዓመት የኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያን የመሩ፣ ልጅየው አካፋ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ የማያውቅ።

ትናንት የሱን ቦት ጫማ አድርጌ ወጣሁ። አጥሩ ጥግ ያለው ነገር የተረሳ ገመድ እንጂ ወይን አይመስልም። በረዶውን በእጄ ስጠርገው ግን ሥሩ ላይ አፈር ተቆልሎ፣ በላዩ ገለባ ተነስንሶበት አገኘሁ። አልብሶታል። ኖቬምበር ላይ መሆን አለበት፣ ማሳል ሳይጀምር። እዚያው ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ። ስለዚህ ይህኛው ውሸት አይደለምና ለአባባ ሙሉ ፊትሽን እያሳየሽ ንገሪያቸው።

የሚመጣው ጥያቄ ግን ያስፈራኛል። ስንት ክንድ አወጣ? ስንት ዓይን ቆጠርክ? ይላሉ። ወይን ዓይን እንዳለው የሰማሁት ገና አሁን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የሃቢብ ደብዳቤ ሁሉ በተራ በተራ ተቀምጦላቸዋል፣ አንድ ነገር ባፋልስ ይይዙኛል።

መቼ ነው የምትነግሯቸው? ሌላውን ተይውና ይህን መልሺልኝ።

ጀነት

—

ደሴ፣ መጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጀኑዬ፣

ሶብሩን አላህ ይስጥሽ፣ ካንቺም ለኔ ያድለኝ። ኡሚን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። ወረቀቱን ትምህርት ቤታችን አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ሰጠሁት። አጉሊ መስታወቱን ይዞ ሁለት ጊዜ አነበበው። «የሚስቱ ጽሑፍ ያምራል፤ እሱ ቢሆን ዶሮ የጫረችው ነበር የሚመስለው» አለ። ቀጥሎ የእጁን ነገር ጠየቀኝ። አጥንት ነው ወይስ ሥጋ? ሥጋ ነው አልኩት። ወደ ጓዳ ገብቼ ውኃ ጠጣሁና ፊቴን አስተካክዬ ተመለስኩ።

መቼ ነው የምትነግሩት ላልሽው፣ ልቡን ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳይሰማ ብሎናል። መርዶ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በወግ ነው። ሽማግሌዎቹ መክረው «ረመዳን እንዲህ ከቀረበ ጾሙን በሰላም ይጹም፣ በዒድ ማግሥት እናረዳዋለን» ብለዋል። እስከዚያ አግዢኝ።

አባባ ስለ ወይኑ ይጠይቃል። ያለውን እንዳለ ልጻፍልሽ። ወይኑ ሳይነቃ ይግረዘው፣ ግን የብርዱ ወገብ ከተሰበረ በኋላ ነው። «የእነሱ ጥር የእኛ ጥር አይደለም። እኛ ጋ በጥር ብትቆርጪው ምንም አይልም፣ እነሱ ጋ ግን ውርጩ በቁስሉ ይገባል» አለ። ሁለት ክንድ ይተውለት፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። ከክንዶቹ ላይ የወጣውን ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን እያስቀረ ይቁረጥ። ዓይን ማለት ዘንጉ ላይ እንደ ሽምብራ ያበጠችዋ ናት። «የሚራራ ሰው ወይን አያበላም፣ ቅጠል ነው የሚያበላው» ብሏል።

ለጌጥ የሚሆን ነው መባሉ አሁንም እንዳናደደው ነው። «ጌጥ ከፈለገ ምንጣፍ አይገዛም ነበር? ፍሬውም አተር አያክል፣ ይኮመጥጣል፣ ታያላችሁ» ይላል። እንዲህ ሲነጫነጭ ደህና ነው ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ሞሚና

—

ሬይኖልድስበርግ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2021

እትዬ ሞሚና፣

እንኳን ለረመዳን አደረሰሽ። አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት የማልወጣበት ዒዳዬ ስላላለቀ፣ ግቢ ቤት ነው ወይስ ውጭ? ብዬ መስጊድ ደውዬ ጠይቄ ነበር። አጥርሽ ውስጥ እስካለሽ ቤትሽ ነው አሉኝ። ስለዚህ ገረዝኩት። ዘግይቻለሁ መሰለኝ፤ በየቀኑ ነገ እያልኩ ነበር። መቀሱን ያዋሰኝ ጋሼ አያሌው ነው፣ የአጥር ጎረቤታችን፣ ኤርፖርት ሻትል የሚነዳው። አጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ ሲያየኝ ቆየና «ኧረ ጀነት፣ ቀስ! ይሄ እንጨት ምን አደረገሽ?» አለኝ። ለካ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምቆርጠው።

አሁን የማላውቀው ነገር ገጠመኝ። ከቆረጥኩት ቦታ ሁሉ ውኃ ይንጠባጠባል። ይኸው አራት ቀኑ፣ ሌትም ቀንም አላቆመም። ገደልኩት ብዬ በሃቢብ የሥራ ሳጥን ውስጥ ያለውን ጥቁር ቴፕ አውጥቼ አንድ በአንድ ጠቀለልኩት። በቴፑ ሥር እየሾለከ ይወርዳል። ኡሚ ከኋላዬ መጥታ «ማም፣ ኢትስ ክራይንግ» አለች፤ ከዚያ እሷም ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አባባን ጠይቂልኝ፤ ሃቢብ በግራ እጁ ገረዘው፣ አሁን ያነባል በያቸው።

ኡሚ አያቷን ወረቀቱ ላይ ሰላም እንድትላቸው ለምኛት ነበር። «አይ ዶንት ላይ ቱ ግራንድፓ»፣ አያቴን አልዋሽም፣ ብላ በሯን ዘጋችብኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

እሷ የምትለውን እኔም ልበልሽ። አባባ አምስት ወቅት ሰግደው ለሃቢብ እጅ ዱዓ ያደርጋሉ። ሃቢብ ከእንግዲህ እጅ ምን ያደርግለታል? አባቱ ለቀብሩ እንዲለምኑለት ነው የምፈልገው። ስድስት ሰው ነው የሰገደበት። የአባቱን ዱዓ ከልክለን ምን ጠቀምነው? በዒድ ማግሥት ብለሻል፣ ይዤሻለሁ።

ጀነት

—

ደሴ፣ ግንቦት 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጀኑዬ፣

ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አፉ በይኝ። አልነገርነውም።

በዒዱ ማግሥት ማልደው አራት ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። እኔም ነጠላዬን አዘጋጅቼ ጓዳ ቆሜ እጠብቅ ነበር። እሱ ግን እንኳን አደረሰህ ሊሉት የመጡ መሰለው። ተነስቶ አስቀመጣቸው፣ በእጁ ቴምር አቀረበላቸው። ከዚያ ያንቺን የመጨረሻ ወረቀት ከኪሱ አወጣና ልጄ አሜሪካ ወይን ተክሎ፣ በግራ እጁ ገርዞ፣ እያለ ያነብላቸው ጀመር። አንዱ ሽማግሌ ዓይኑን በሻሹ ጫፍ ጠረገ። ምን ሆንክ ሲለው፣ ጉንፋን ነው አለ። ተያይተው፣ መርቀውት ወጡ። ለምን አላረዳችሁትም ልበላቸው? እኔስ ብሆን መቼ ቻልኩ?

ዐረፋ ይለፍ ብለዋል።

አባባ ስለ ወይኑ ይጠይቃል። ማንባቱን ሲያነብ እጁን አጨበጨበ። «የሞተ ቢሆን ያነባ ነበር? ሥሩ ውኃ እየሳበ ነው። ቴፑን ይንቀልለት፣ ያልቅስ፣ ቅጠል ሲያወጣ ራሱ ይተዋል» አለ። ቀጥሎ ከሃቢብ ጋር አንድ ላይ የተነሳችሁት ፎቶ ይላክልኝ ብሏል፣ ከወይኑ አጠገብ ቆማችሁ። ካሜራው ተበላሽቷል ብየዋለሁ። አሁን ካሜራችሁ ተበላሽቷል፣ እወቂው።

ሞሚና

—

ሬይኖልድስበርግ፣ ኦገስት 15 ቀን 2021

እትዬ ሞሚና፣

አፉ ብያለሁ፤ ሆዴ ግን አፉ አላለም። ዐረፋም አለፈ። ከዚያ በኋላ በላክሽው ደብዳቤ ላይ ስለ ዐረፋ አንድ ቃል የለም፣ እኔም አልጠይቅሽም፣ ገብቶኛል።

ወይኑ አጥሩን ለብሶታል። ቅጠሉ ከዳር ከዳር መቅላት ጀምሯል። አባባ «ጥንዚዛ አልመጣበትም?» ማለታቸው ከየት አወቁት? ጁላይ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ እንደ ዝናብ ወረደበት፣ ቅጠሉን ወንፊት አደረገው። እንዳሉት ማለዳ፣ ገና ብርድ እንደያዛቸው፣ በሳሙና ውኃ ጣሳ ውስጥ አራግፋቸዋለሁ። ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ሽፍት ገብቻለሁ፤ ሃቢብ ይሠራበት ከነበረው ሁለት መጋዘን አልፎ ነው። ከመሄዴ በፊት ግማሽ ሰዓት ለጥንዚዛ ነው። ጋሼ አያሌው «ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» ይለኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አላልኩትም። ጥያቄያቸው ባይኖር ከአልጋ አልነሳም ነበር። ሜይ ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ አራት ቀን የተኛሁበት ጊዜ ነበር፤ ኡሚ ኮርንፍሌክስ እየበላች ትውላለች። ያኔ ነው «አባባ ‹ቅጠል አወጣ ወይ?› ይላል» የሚለው መልእክትሽ የገባው። ቅጠል ማውጣቱን ለማየት መነሳት ነበረብኝ። ተነሳሁ። አሁን ስጽፍላቸው ውሸት መሆኑን የምረሳበት ቀን አለ። ሃቢብ ያለ ይመስለኛል። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ዲሴምበር ላይ፣ ዓመቱ ሲሞላ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ፊቴን እያሳየኋቸው። ሽማግሌ ካለ ይምጣ፣ ከሌለም ይቅር።

ጀነት

—

ደሴ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጀኑዬ፣

አትምጪ። ተቀይሜሽ አይደለም። ትምህርት ቤታችን ከሰሜን በኩል ሸሽቶ በመጣ ሰው ተሞልቷል፤ እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ስምንት ቤተሰብ ነው የሚያድረው። ሰው ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ጀምሯል። አባባን እንውጣ ስለው «ያለ ችግኞቼ?» ይለኛል። ጓሮ ያሉት ሁለት የሎሚና አንድ የዘይቱን ችግኞች ናቸው።

ደብዳቤዎቹን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር አስቀምጧል።

አባባ ስለ ወይኑ ይጠይቃል። ቅጠሉ ሲረግፍ ሥሩን እንደ አምናው በአፈር ይቅበረው ብሏል። «በውርጭ መቀስ እንዳያሳየው፣ የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ጻፊበት፣ እሱ ችኩል ነው» አለ። ሦስት ጊዜ አልጽፍም፣ አንቺ ችኩል አይደለሽም። በመጪው ዓመት ያፈራል፣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው ብሏል። ደስ ብሎታል።

ስልክ ከተቋረጠ አትደንግጪ።

ሞሚና

—

ሬይኖልድስበርግ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2021

እትዬ ሞሚና፣

ስልክሽ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት አለፈው። ይህ ላይደርስሽ እንደሚችል አውቃለሁ። ደሴ ምን ሆነች እያልኩ የማልጠይቀው ሰው የለም፤ የሚያውቅ የለም፣ ወይም እንደኛ ፊቱን ይደብቅብኛል።

ሥሩን ቀብሬዋለሁ። አፈር፣ ከዚያ ገለባ፣ ወንድምሽ እንዳደረገው። ዲሴምበር 21 ዓመቱ ነው። ቲኬቱን ተውኩት። ለአባባ ደብዳቤ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ እንደ ሃቢብ ነው የጻፍኩት፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?

የት ናችሁ?

ጀነት

—

አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውድ ጀነት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ኡሚስ እንደምን አለች? እኛ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነን። ወሬ ስላላሰማሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ስልኬ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነበር። አሁን ኮልፌ፣ አክስታችን ቤት ነን። ቤቱ ሰፊ ነው። ጎረቤቱም ጥሩ ሰው ነው። ብርድ ትንሽ አለ እንጂ ሌላ ምንም የጎደለብን የለም።

አባባ በጣም ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል። ትንሽ ስለደከመው መጻፍም ብዙ መናገርም አይችልም፣ ስለዚህ እሱ የሚለውን እኔ እጽፍልሻለሁ። መርዶውን አሁን አናነሳበትም፣ እንደምታውቂው የተፈናቀለ ሰው ነው።

አባባ ስለ ወይኑ ይጠይቃል። ጥር ስለሆነ የመግረዣው ጊዜ ነውና አሁኑኑ ይግረዘው፣ ዝቅ አድርጎ ይቁረጠው ብሏል። በደንብ ፍግ ያልብሰው፣ ጠዋት ጠዋትም ውኃ ያጠጣው ብሏል። አደራ፣ በየቀኑ እየወጣሽ እዪው፣ የሆነውንም ጻፊልኝ። አደራ።

ሞሚና

—

ሬይኖልድስበርግ፣ ጃንዩወሪ 30 ቀን 2022

እትዬ ሞሚና፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነበር። በማግሥቱ መቀስ ይዤ ወጣሁ። ብርዱ ጣት የሚቆርጥ ነው፣ የአጥሩ ሽቦ ሳይቀር በረዶ ጋግሯል። አሁን ነው እንዴ? አልኩ። የአባት ቃል ነው ብዬ የቀኙን ክንድ ከግንዱ ላይ ቆረጥኩት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። ውኃ ጠብ አላለውም።

ግራውን ልይዝ ስል ነው ትዝ ያለኝ። የእነሱ ጥር የእኛ ጥር አይደለም።

ገብቼ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። አባባ በበረዶ ላይ ውኃ አጠጡ የሚሉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀልድ፣ አንድ ቁጣ፣ አንድ «ጌጥ ከፈለገ» የለበትም። አንቺም «ውድ ጀነት» ብለሽኝ አታውቂም። ይህን አጻጻፍ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ እኔ ራሴ የጻፍኩት ነው።

እትዬ ሞሚና፣ አባባ መቼ ሞቱ?

ጀነት

—

አዲስ አበባ፣ የካቲት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጀኑዬ፣ እህቴ፣

ጥቅምት 20።

ደሴን በ18 ለቀን ወጣን። እህል የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያው በላይ ነበርን። እሱ የደብዳቤውን ፕላስቲክ ደረቱ ላይ ታቅፎ ነው የተቀመጠው። አጉሊ መስታወቱ የቤታችን መስኮት ላይ ቀርቷል፤ ያወቅነው ኮምቦልቻን ካለፍን በኋላ ነው። መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፣ መኪናው እየቆመ ነው የሚሄደው። ከሚሴን ስናልፍ ደረቱን ይይዝ ጀመር። ከንፈሩ ጠቆረ።

እንደማይደርስ አውቄ ነበር። ያን ጊዜ ያንቺ ቃል መጣብኝ፤ የአባቱን ዱዓ ከልክለን ያልሽው። አሁን ካልነገርኩት መቼም ልነግረው አይደለም። በአፌ ብነግረው አይሰማም። ከንፈሬን እንዲያነብ ፊቴን እንደሰው መያዝ አልቻልኩም፣ በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር የማለቅሰው። ስለዚህ ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ ጻፍኩት። «አባባ፣ ሃቢብ ሞቷል። ዓመት ሊሆነው ነው። ዱዓ አድርግለት። አፉ በለን።» ይህን ብቻ። እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው። ያለ መስታወቱ አንድም ፊደል አይታየውም። ከዚያ ፈገግ አለ ጀኑ። «ከሃቢብ ነው አይደል?» አለኝ። «ስንደርስ ታነቢልኛለሽ።» አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

መልሼ ልቀበለው? እጄን ዘረጋሁ፣ ኪሱን ሸፈነው። የሱ ነው።

ሸዋ ሮቢት ሳንገባ ሞተ። እዚያው የማናውቃቸው ሰዎች አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት ቀበሩልን። አላህ ይስጣቸው፣ እንደ አባታቸው ነው የቀበሩት። ወረቀቱን ያጠቡት ሰውዬ አምጥተው ሰጡኝ። ሳይከፍቱት። አሁንም እንደታጠፈ አለ። ልቅደደው? ላቃጥለው? ንገሪኝ።

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በዒዱ ማግሥት ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ከበር መመለስ ነበረብኝ። ልጁን ሳይቀብር፣ ሳያለቅስለት፣ ለእጁ እንደለመነ ሄደ። ለልቡ ብዬ ነው እላለሁ፤ ልቡ እንደሆነ አልተረፈለትም።

ካንቺ ለምን ደበቅሽ ትያለሽ። ኅዳር ላይ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። ሁለት ወር ብዕር ማንሳት አቃተኝ። «ጥያቄያቸው ባይኖር ከአልጋ አልነሳም ነበር» ብለሽኛል። ያንን ወረቀት አጥፍቼው ነበር፣ ከልቤ ግን አልጠፋም። እሱ ሞቷል ካልኩሽ ማን ይጠይቅሻል ብዬ ነው። የወይኑን ነገር ደግሞ ከሱ ጋር ሃምሳ ዓመት ኖሬ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ለካ። ያስቆረጥኩሽን ክንድ አፉ በይኝ።

ሞሚና

—

ሬይኖልድስበርግ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2022

እትዬ ሞሚና፣

ሦስት ጊዜ ጽፈሽልኛል፣ ሦስቱንም አልመለስኩም። ሰባት ወር ዝም አልኩሽ። ተናድጄ ነበር። በአንቺ ነው የተናደድኩት ብዬ ነበር የማስበው፤ ሳጣራው ግን የመጀመሪያውን ውሸት የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ካርቶኑን ሃቢብ እጅ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። አባባን የሸነገልናቸው ሁለታችንም ነን፣ ለብቻሽ አትሸከሚው። አፉ ብያለሁ፤ አሁን ሆዴም ብሏል።

መስጊድ አስነግሬ ለአባባ በሌሉበት ተሰገደባቸው። በዚያው ለሃቢብም ዱዓ ተደረገለት። ስድስት ሰው አልነበረም ዘንድሮ፣ ጫማ ማስቀመጫው ሞልቶ ነበር። ኡሚ ከሴቶቹ በኩል ከአጠገቤ ቆመች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አልለቀቀችም።

በሦስቱም ደብዳቤ ስለ ወይኑ አንድ ቃል አልጠየቅሽኝም። ፈርተሽ ነው፣ አውቃለሁ። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። የቀኙ ክንድ ቀረ፤ ከቆረጥኩበት ቦታ ውርጩ ገብቶ እስከ ግንዱ ድረስ ጠቁሯል። ግራውን ማርች ሲገባ፣ አባባ እንዳሉት፣ ሁለት ሁለት ዓይን አስቀርቼ ገረዝኩትና ጥዬው ገባሁ። አነባ፣ አላየሁትም። ጥንዚዛው መጣ፣ አልወጣሁም። ባለፈው ሳምንት ኡሚ ከጓሮ ጮኸች፤ እባብ ያየች መስሎኝ በካልሲ ሮጥኩ። ቅጠሉን ገልጣ ቆማለች። ሦስት ዘለላ ወይን። የሦስተኛውን ግማሽ ወፍ በልቶታል።

ፍሬው አተር አያክልም። አንዱን ቀጥፋ አፏ ውስጥ ጣለች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ «ይኮመጥጣል!» አለች። በአማርኛ። ከዚያ «ግራንድፓ ብሎ ነበር አይደል?» አለችኝ። ብለው ነበር አልኳት። አንዱን ዘለላ ለጋሼ አያሌው በአጥር ሰጠሁት፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ለጌጥ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሳቅኩ እትዬ ሞሚና። ድምፄን ሰምቼ ራሴ ደነገጥኩ።

ወረቀቱን አትቅደጂው፣ አታቃጥዪው። እንደታጠፈ አስቀምጪው። ዲሴምበር ላይ ከኡሚ ጋር እንመጣለን፣ ቲኬቱ ተቆርጧል። ሸዋ ሮቢት አብረን እንሄዳለን። «ስንደርስ ታነቢልኛለሽ» ብለውሻል፤ ቀብራቸው ላይ ቆመን ጮክ ብለን እናነብላቸዋለን።

እስከዚያ ግን ይህ ወረቀት ይብቃን። ድምፅሽን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደውዪልኝ። ከእንግዲህ ፊትሽን የሚያነብብሽ ሰው የለም።

ጀነት